መርፌው ስላልሠራ እህቴ ዋሾ አትባልም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐኪም በሬዲዮ «ማደንዘዣ ተወግቶ ያልተሻለው ሰው ጭንቀት እንጂ በሽታ የለበትም» አለ። ከኮዬ ፈጬ ወደ ከተማ በታክሲ እየሄድን ነበር። እህቴ ማንም እንዳይነካባት ግራ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሰማችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ፣ በጀሶ ታስሮ፣ አጥንቱ ገጥሟል። ሕመሙ ግን አልሄደም። መዳፏ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ነጠላ እንኳ ሲነካው እንደ እሳት ይለበልባታል። ሐኪሞች ሲአርፒኤስ ይሉታል፤ ጉዳቱ ከዳነ በኋላም የማይለቅ የእጅ ወይም የእግር ሕመም ማለት ነው። እሺ፣ ጭንቀት ነው እንበል፤ ጭንቀት አንዱን እጅ ብቻ መርጦ ያሳብጣል እንዴ?

ሐኪሙ ያለውን ማደንዘዣ ሁለት ጊዜ አንገቷ ሥር ተወጋች። የመጀመሪያው ለግማሽ ቀን አስታገሰላት፣ ሁለተኛው ምንም። ይኸው ነው «ማስረጃው»! ያ መርፌ የሚያደነዝዘው እኮ ላብንና የደም ሥርን የሚያዘውን የነርቭ ዘርፍ ነው። ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ ነገሩ ከእጅ አልፎ አከርካሪና አንጎል ድረስ ይዘልቃል፤ እዚያ ያሉት ነርቮች ቀላሉን ንክኪ ሁሉ እንደ ቃጠሎ መቁጠር ይለምዳሉ። የእኛ ሰፈር ሰው ይሄን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ የአንድ ቤት ቆጣሪ ቢነካኩ መብራት አይመጣም፣ መብራት ስላልመጣም «ድሮም መስመር የላችሁም» የሚል ሠራተኛ አይተን አናውቅም። መርፌው ያልደረሰበትን ቦታ ሕመም የለም ማለት ድፍረት ነው። ኮክሬን የተባለው ጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ መርፌ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ እኮ ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ታዲያ ራሱ ያልተረጋገጠ መርፌ እንዴት ሆኖ የእህቴን እውነት መመስከሪያ ይሆናል?

እርግጥ የሚያስታግስላቸው አሉ፤ እሰየው። ለማያስታግስላቸው ግን ሌላ መንገድ አለ። ፊዚዮቴራፒ አለ፣ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን የሚባሉ የነርቭ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች አሉ፣ ጤነኛውን እጅ በመስታወት እያዩ የታመመውን ማለማመድም አለ። እህቴ መስታወቱን ከሣጥን ላይ ነቅላ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች። ፊዚዮቴራፒው ነው ያቃታት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ በታክሲ እየተንገጫገጩ ከተማ መድረስ ለዚያ እጅ ሌላ ስብራት ነው። ባለሙያውን እዚሁ ጤና ጣቢያችን ያምጡልን።

ሐኪሙም በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ይቅርታ ይጠይቅ። እህቴ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ፊት ነው የሰማችው።