ቃሊቲ ምን ትተነፍሳለች?

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ አየር በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ አንዲት ወጣት ተመራማሪ የከተማዋን የከባድ ብረት (እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶች) ብክለት በዛፍ ቅርፊት ላይ በሚበቅለው ላይክን እንለካ የሚል ሐሳብ አቀረበች። አንድ ኃላፊ «የአየር መለኪያ መሣሪያ እያለ ወደ ዛፍ ቅርፊት ምን አስኬደን?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የትኛው መሣሪያ? ለዓመታት ስንጠቅሰው የኖርነው የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ እንኳ በየካቲት 2017 ዓ.ም. መረጃውን ለሕዝብ መስጠት አቆመ። ሲሠራስ ምን ነበር የሚለካው? የደቂቅ ብናኝን መጠን ብቻ። ብናኙ ከማገዶ ጭስ ይምጣ ከባትሪ ማቅለጫ፣ እርሳስ ይኑርበት ካድሚየም፣ አይናገርም። ሚዛን የጆንያውን ክብደት ቢነግረን ውስጡ ጤፍ ይሁን አሸዋ ከየት ያውቃል?

በተለምዶ የድንጋይ ሽበት የምንለው ላይክን ግን ያውቃል። ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ይህ ፍጥረት ሥር የለውም፤ ውኃውንም ምግቡንም የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከብናኝ ነው። እንደ ቅጠል የሚከልለው የሰም ሽፋንም ስለሌለው አየሩ ያመጣው ብረት ገብቶ በአካሉ ይጠራቀማል። መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ መለዋወጫም አይጠይቅም።

ይህን «ኋላ ቀር» የሚል ሰው የአሜሪካዋን ፖርትላንድ ይመልከት። ከተማዋ መለኪያ ነበራት፤ በአየሯ ውስጥ ያለው ካድሚየም ከየት እንደሚመጣ ግን ሊጠቁማት አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች እንደ ላይክን ሥር የሌለውን ሞስ የሚባል ትንሽ አረንጓዴ ተክል ከዛፎች ላይ ለቀሙ፤ 346 ናሙና። ውጤቱ በካርታ ላይ ሲሰፍር ካድሚየሙ የጎላው ባለቀለም መስታወት በሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች ዙሪያ ነበር። ሞሱ በጠቆመው በአንደኛው ቦታ መሣሪያ ተተክሎ ሲለካ፣ ካድሚየሙ ግዛቲቱ ለጤና ካስቀመጠችው መጠን 49 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሰዉ ለዓመታት እዚያው ልጆቹን ሲያሳድግ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ ይፋ ሲወጣ ፋብሪካው ካድሚየም መጠቀሙን አቆመ። ማን አጋለጠው? የተሳቀበት የዛፍ ቅርፊት።

አውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2014 ለላይክንም ለሞስም የአየር ጥናት የጋራ የአሠራር ደረጃ አውጥታለች። አዎ፣ ላይክን በየሰዓቱ ቁጥር አያወጣም። መሣሪያው የት ይተከል ለሚለው ግን ከእርሱ የተሻለ መሪ የለንም።

መናገሻ ሱባ ጫካ የገባ ሰው ከጽዱ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገውን አረንጓዴ ግራጫ ላይክን አይቷል። ከዚያ ተመልሼ በቃሊቲ መንገድ ዳር አንድ ዛፍ ዳበስሁ፤ ቅርፊቱ ራቁቱን ነው፣ ጣቴ ላይ የቀረው ጥቁር ቅባት ነው። ላይክን በሌለበት ደግሞ ዘዴ አለው፦ ከንጹሕ ጫካ ተለቅሞ በመረብ ከረጢት ይንጠለጠላል፤ ከወራት በኋላ ጫካ ከቀረው ጋር በቤተ ሙከራ ይነጻጸራል። ብረት የሚለይ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አለ። የጎደለው ፈቃድና ጥቂት ብር ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ ከረጢቶቹ በቃሊቲ፣ በመርካቶና በመገናኛ ይሰቀሉ። ያቺ ተመራማሪም ተጠርታ ወረቀቷን ከመጀመሪያው ገጽ ታንብብ።