አሮጌ ዕቃና እኛ

እዚህ ጀርመን ልጅ ያለው አበሻ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የዕቃ ዝርዝር ይደርሰዋል። ደብተር፣ ማስመሪያ፣ መቀስ፣ ሙጫ። ከዛ ደግሞ ቀለም የሚሞላ ብዕር። ታብሌት አላሉም፣ ብዕር ነው ያሉት! መኪና ለዓለም የምትሸጥ አገር፣ እኛ ከአያቶቻችን የኮት ኪስ ወዲህ ያላየነውን ነገር ለትንሽ ልጅ ታስይዘዋለች።

ምክንያታቸው ቀላል ነው። ቢክ ካልተጫኑት አይጽፍም፣ ይሄኛው ግን ወረቀቱን ነካ ሲያደርጉት ይፈሳል፣ ስለዚህ የልጅ እጅ አይደክምም ይላሉ። ቀለሙም ሲታጠብ የሚለቅ ሰማያዊ ነው። ልጁ ከተሳሳተ ማጥፊያውን ያሳልፍበታል፣ ጽሑፉ ድራሹ ይጠፋል። አስቂኙ ነገር፣ እዛው ቦታ ላይ በዛው ቀለም መልሶ ቢጽፍ አይይዝለትም። ለዚህም ብለው የማጥፊያው ሌላኛው ጫፍ ላይ የማይጠፋ ሰማያዊ ቀለም አድርገውበታል። ጀርመኖች እንዲህ ናቸው።

በብዛት የምታዩት ላሚ ሳፋሪ የሚባለውን ነው። ሃይደልበርግ የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ መልኩ እምብዛም ያልተለወጠ የፕላስቲክ ብዕር። መያዣው ላይ ጣት የሚያርፍበት ጎን ተጠርቦለታል፣ ሆዱ ላይ ደግሞ ምን ያህል ቀለም እንደቀረ የምታዩበት ክፍተት አለው። ሃያ ዩሮ አካባቢ ነው። የዚሁ ፋብሪካ የቀለም ብልቃጥ ከስሩ የመጥረጊያ ወረቀት ተጠቅልሎበት ይመጣል፣ ሞልታችሁ ስትጨርሱ ቀደድ አድርጋችሁ ጫፉን ትጠርጉበታላችሁ። ደህና ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ይሄንኑ ብዕር ይዘው ስብሰባ ይገባሉ። ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ መጻፊያ ነው በቃ።

እኛ ጋ ብዕር መጻፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ወርቅማ ማንጠልጠያው ከደረት ኪስ ብቅ ያለ ፓርከር ማለት ሹመት ነበር። ቀለም ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። ዛሬም ለምረቃ ከነሳጥኑ ይሰጥና ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ይቀመጣል፣ አቧራው በበዓል በበዓል ይጠረጋል። ተመራቂው የሚፈርመው በቢክ ነው።

ግን ነገሩን ሁሉ በጉራ ማሳበብም ፍርደ ገምድልነት ነው። የኛ ደብተር ወረቀት ይህን ቀለም አይችለውም። ፊደሉ ጸጉር ያበቅላል፣ ቀለሙ ወደ ጀርባ ይዘልቃል፣ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለት ገጽ ይበላሻል። ቀለሙም ቢሆን ሰፈር ሱቅ አይገኝም። ቢክ ግን በየሱቁ በነጠላ ይሸጣል። በአግባቡ ነው ያሸነፈው። ደግሞስ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ እየለየ ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ያለበት አገር ስለ ቀለም ምን ይማራል? የጠፋብን መሃለኛው ነው፤ ተራ ሰው ደህና ወረቀት ላይ ለደስታው ብቻ የሚጽፍበት።

ጌምም ላይ ያው ነው። አንድ ፕሮግራመር የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ የፈለገውን ኮምፒውተር መግዛት ይችላል። የሚጫወተው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ ሁለትን ነው፣ ያውም ኪቦርዱ ላይ ፊደሉ በተላላጠ ላፕቶፕ። አዲስ ትልቅ ጌም ሰባ ሰማንያ ዩሮ ደርሷል። ለድሮዎቹ ግን ጂኦጂ የሚባል የፖላንዶች መደብር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አሮጌ ጌሞችን በዛሬ ኮምፒውተር እንዲሠሩ እያስተካከለ ይሸጣል፣ ቅናሽ ሲኖር ብዙዎቹ ጥቂት ዩሮ ናቸው። ፋይሉን አንዴ አውርዶ ያስቀመጠ ሰው ለብቻው ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት አገር ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? መክፈያው ነው የሌለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ100 በላይ ወጥቷል። ብሩ ቢኖርም ተራው የባንክ ካርድ እዛ ድረስ አይከፍልም። ስለዚህ በፍላሽ የዞረ ኮፒ ይጫወታሉ፣ እኔ ካርድ በኪሴ ይዤ ልፈርድባቸው አልችልም።

በነጻ የሚገኙ መኖራቸው ግን ብዙ አይወራም። ለምሳሌ ኦፕንቲቲዲ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ የሚባል ጌም ነው፣ በጎ ፈቃደኞች ከ2004 ጀምሮ እንደ አዲስ እየሠሩት ይኸው እስከ ዛሬ አለ። መንገድና ሐዲድ ትዘረጋላችሁ፣ አውቶቡስና ባቡር ትገዛላችሁ፣ አውቶቡሱ ያረጃል፣ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ከተማው እያደገ ጣቢያው ይጨናነቃል። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ይበቃዋል፣ ኮፒ አድርጎ ማደልም አያስጠይቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያማርር ሁሉ አንድ ሌሊት ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

አጨዋወት ላይ ግን አገር ቤትን የሚያህል የለም። ፕሌይስቴሽን ቤት አስታውሱ። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የተቧጨረ ሲዲ፣ ተሸናፊ ይነሳል። ሳንቲም የሌለው ልጅ ከኋላ ቆሞ ኮሜንታተር ይሆናል፣ ባለቤቱ «ሰዓት አልቋል!» እያለ ይጮኻል። ባልደረባዬ ሌሊት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍኖ ብቻውን ነው የሚጫወተው። ርካሽነቱን አግኝቷል፣ ጫጫታውን አላገኘም።

ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት ለምትገቡ፣ የስልክና የጫማ ትዕዛዙ እንዳለ ሆኖ ሻንጣው ጥግ ላይ አንድ ብዕር፣ ጥቂት ካርትሪጅ (ብዕሩ ውስጥ የሚገባ የቀለም ቀፎ) እና ወፍራም ወረቀት ያለው ደብተር ይገባል። ፍላሽ ላይ ኦፕንቲቲዲን ጫኑበት። ብዕሩን በኪሳችሁ ከያዛችሁት ግን በግማሽ ተሞልቶ አውሮፕላን ላይ አትውጡ። ከፍራንክፈርት ሲነሳ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ ብዕሩ ውስጥ የቀረው አየር ይሰፋና ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ነጭ ሸሚዝ ከለበሳችሁ አለቀላችሁ። ወይ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት ወይ ባዶ አድርጉት፣ ጫፉንም ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት።