ነጥብ አንዷ ለጎረቤት

ስስት ክፉ ነገር መሆኑ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገረኝ ነው ያደግኩት። እኔው ራሴ ስስታም መሆኔን ያወቅኩት ግን ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቴሌቪዥን የማየው በራሱ ድምፅ ነው። ከፋብሪካ ይዟቸው በመጣው ሁለት ሚጢጢ ስፒከሮች። ዜናው እኔ ሳሎን ይጀመራል፣ እኔ ሳሎን ያልቃል። ድራማው ላይ ማን ማንን እንደከዳ ጎረቤት አያውቅም። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው እህታችን ሕፃን ልጇን ስታስተኛ፣ የኔ ቴሌቪዥን አንድ ቀን እንኳ ተሰምቷት አያውቅም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ብቻውን ያዳመጠስ?

ከኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ሌላ ሰው ናቸው። ቸር ናቸው። ሆም ቲያትር አላቸው።

ሆም ቲያትሩ የገባበትን ዕለት አልረሳውም። ብሎካችን ሊፍት የለውም። ሁለት ጎረምሶች ካርቶኑን ተሸክመው፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ጋሼ ከኋላ ከኋላ "ቀስ! ቀስ በል አንተ! ይሄኛው ጎን ወደ ላይ!" እያሉ ይከተላሉ። እኛም በየበራችን ቆመን "በደህና ይጠቀሙበት" አልን። "ለሁላችንም ነው" አሉ። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ለካ ዕቅዳቸውን ነው የነገሩን።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ "12 ሺህ ዋት" ተብሏል። ከቁጥሩ ጎን በደቃቅ ፊደል ፒኤምፒኦ የሚል አለ። ፒኤምፒኦ ማለት ዕቃው ለቅጽበት ሊተፋው ይችላል የተባለ ጉልበት ነው። እንዴት እንደሚለካ የተስማሙበት ነገር ስለሌለ፣ አምራቹ ልቡ የፈቀደውን ይጽፋል። የእንጀራ ምጣድ እንኳ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ነው የሚስበው። ካርቶኑ እውነቱን ከሆነ፣ ጋሼ ሳሎን ውስጥ ከሦስት ምጣድ በላይ ተጥዶ ነው የሁለት ሰዓት ዜና የሚደመጠው። ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ግን 80 ዋት ትላለች። ታዲያ ጀርባ ማን ያያል? ካርቶኑም አልተጣለም። ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ፣ ቁጥሩ ወደ በሩ ዞሮ፣ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ይቀበላል።

ባለፈው ሰንበት ቡና ጠሩኝና ዕቃውን በቅርብ የማየት ዕድል አገኘሁ። ስድስቱም ስፒከሮች ቡፌው ላይ ናቸው። እንደ ቤተሰብ ፎቶ ተደርድረዋል። ዳርና ዳር ሁለቱ ረጃጅሞች፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሁለቱ አጫጭሮች፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ ያቺ ጋደም የምትለው። ሁሉም ዳንቴል ለብሰዋል። ስድስተኛው፣ ዎፈሩ፣ በግዝፈቱ ስለሚበልጥ ለብቻው የተሠራለት ዳንቴል አለው፣ በዚያ ላይ የፕላስቲክ አበባ የቆመበት ብርጭቆ። ዜና አንባቢዋ "እንደምን አመሻችሁ" ስትል አበባው ራሱን ነቀነቀ። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ከመክረሙ የተነሳ ቢጫ ሆኗል፤ ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው አይነበብም። ድምፅ መጨመሪያዋ ጋ ብቻ ላስቲኩ በአውራ ጣት ብዛት ተበስቷል። መቀነሻዋ እንደ አዲስ ናት።

ሁለቱ አጫጭሮች በደንቡ ቦታቸው ያ አልነበረም። ሰራውንድ ማለት እኮ ዙሪያውን መክበብ ነው። አምስት ነጥብ አንድ ሲባል፣ ሦስቱ ስፒከሮች ከፊት፣ ሁለቱ ከተቀማጩ ግራና ቀኝ ትንሽ ወደኋላ ይሆናሉ። ነጥብ አንዷ ዎፈሯ ናት፤ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ስለምታወጣ እንደ ሙሉ ሰው አልተቆጠረችም። ባለሙያዎቹ ማዕዘኑን ሳይቀር ለክተውታል። የኋለኞቹ ከተቀማጩ ፊት 110 ዲግሪ ገደማ ዞረው ይቀመጡ ይላሉ። ጋሼ ቤት 110 ዲግሪ ላይ ያለው ፍሪጁ ነው።

"የኋለኞቹን ወደ ኋላ ቢያረጓቸው ምን ይመስልዎታል?" አልኩ፣ እንደ ቀልድ።

በመገረም አዩኝ። "ሶፋ ኋላ ከሆኑ ማን ያያቸዋል ልጄ?"

መልስ አጣሁ። የኋለኞቹ ሽቦ እስከ ዛሬ እንደተጠቀለለ ነው፤ ፋብሪካ ያሰረው ማሰሪያ አልተፈታም። ዋናው ነገር መኖራቸው ነው።

ከዚያ ድራማው ተጀመረ። በአማርኛ የተቀዳ የቱርክ ድራማ። ባልየው በር ከፍቶ ገባ፣ ሚስትየዋ ዞር አለች፣ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለችው?" አሉ እትዬ፣ ጀበናውን ይዘው።

ጋሼ ድምፅ ጨመሩ። በዚያው ቅጽበት ሙዚቃው መጣ። ቡም! ስኒዎቹ ረከቦት ላይ ተንጫጩ። አበባው ሰገደ። ሴትየዋ አሁንም እያወራች ነው፣ ከንፈሯ ይታያል።

"አሁንስ ምን አለችው?"

"ምንም አላለችው፣ ዝም ብላ ነው የምታየው" አሉ ጋሼ።

ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል አወራች። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል "ልጁ ያንተ አይደለም አለችው" ብሎ ገላገለን። ለምን እንደማይሰማ በልቤ ገምቻለሁ። የፊልም ሰዎች ንግግሩን የሚያስቀምጡት በመሐለኛዋ ስፒከር ነው። ከዲሹ የሚመጣው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ መሐለኛዋ የሚደርሳት ትርፍራፊ ነው። እሷም ላይ ዳንቴሉ ሁለት እጥፍ ነው። አላልኩም እንጂ። ሦስተኛው ስኒ አልቀረበልኝም ነበር።

ከበባው ታዲያ የት ሄደ? በ12 ሺህ ዋት የተገዛ ከበባ መቼም በኖ አይጠፋም። ወደኛ ነው የመጣው።

በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ አንዱ ሞገድ ብቻውን ወደ 8 ሜትር ተኩል ይረዝማል። የጋሼን ሳሎን በእርምጃ ለካሁት፤ አራት ሜትር በቅጡ አይሞላም። እንግዲህ ያቺ ሞገድ ቤታቸው ውስጥ እግሯን ዘርግታ መተኛት አትችልም። እኛ ጋ ወርዳ ታድራለች። ቀጫጭኑን ድምፅ፣ ማለትም ንግግሩንና ክራሩን፣ ወለሉና ብሎኬቱ ያስቀሩታል። ወፍራሙን ግን የሚያስቆመው የለም። ይህ ድምፅ ሌላም ጠባይ አለው፤ ከየት እንደመጣ ጆሮ አይለየውም። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ከላይም፣ ከጎንም፣ ከቁም ሳጥኑም፣ ከትራሴም ውስጥ ይመጣል። ሰውየው ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው ያላገኙትን ከበባ፣ እኔ በነፃ በፒጃማ አጣጥመዋለሁ።

ልጄ በዚህ ዕውቀት ገብይታለች። ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ ሲተላለፍ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ታዳምጣለች። አንዴ ከተንቀጠቀጡ ሙከራ ነው። ደጋግመው ከተንጫጩ "አባዬ፣ ገባ!" ትላለች። ማን እንዳገባ አናውቅም። እሱን ሰኞ ከሥራ ባልደረቦቼ እሰማለሁ።

የድሮ ሰው በዚህ ረገድ ምስኪን ነበር። ቴሌቪዥን አገራችን ውስጥ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመርና ከዚያም ብዙ ዓመት፣ ዕቃው ያለው ሰው ቤት መንደሩ ይሰበሰብ ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ፣ ባለቤቲቱ ቆሎ ታቀርባለች። እንዴት ያለ ድካም ነው! ዛሬ ጎረቤት መምጣት አያስፈልገውም፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይመጣለታል። ቆሎውም ቀረ።

የኔ ቴሌቪዥን ግን ይህን ሥልጣኔ አልያዘም። ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው። ስፒከሮቹ 10፣ 10 ዋት ናቸው፤ እነሱም እንዳፈረ ሰው ወደ መሬት ነው የሚያዩት። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፣ አየር ለመግፋት ደግሞ ሆድ ያስፈልጋል። ባለ ትልቅ ጀርባዎቹ የድሮ ቴሌቪዥኖች ሆድ ነበራቸው፤ ፍላቱ የለውም። ስለዚህ የሰውን ንግግር ብቻ ጥርት አድርጎ ይነግርሃል። የተባለውን ትሰማለህ፣ አለቀ። ሲፈነዳ እንደ ፈንዲሻ ነው፣ ሲዘንብም እንደ ሽንኩርት ጥብስ። እንግዳ ቢመጣ ምን ይላል? ያፍራል እንጂ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሥነ ሥርዓት የለሽ ሰዎችም አሉ። አንድ ጓደኛዬ የኋለኞቹን ስፒከሮች እውነትም ከኋላው ሰቅሏቸዋል። ሽቦውን በምንጣፍ ሥር አሳልፎ፣ ዎፈሯን መሬት ላይ አውርዶ፣ ድምፅዋንም ቀንሶ። ቤቱ ሄጄ ፊልም ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ተነስቼ "ልብስ አስጥተሃል እንዴ?" ብዬ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ፀሐይ ነው። ሳቀብኝ። ጎረቤቶቹ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለው እንኳ አያውቁም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው "ምን ገዛህ?" ብሎ አልጠየቀውም። ገንዘቡን ውኃ በላው።

ደግሞ ሕግ የሚባል ነገር አለ። የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛው ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ብሎ ገድቧል። 45 ዴሲቤል በለሆሳስ ከሚወራ ወሬ ብዙም አይርቅም። ይህን ቁጥር ለብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነገርኳቸው። "ስንት ዋት ነው እሱ?" አሉኝ። ዴሲቤል ዋት አይደለም ብዬ ላስረዳ ስል ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጥተውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። ከበራቸው ሥር "ቡም" የሚል ሰማሁ። የሳቸው 8 ሺህ ዋት ነው አሉ።

መብራት ሲጠፋ ብቻ ቤቴ የራሱ ድምፅ እንዳለው አውቃለሁ። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ገጽ ትገልጣለች። ከዚያ ብሎኩ ሁሉ "መጣ!" ይላል። መብራቱ ወደኛ አምፖል ከመድረሱ በፊት የጋሼ ዎፈር ይደርሰናል።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሌሊት ተሸነፍኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልጄ በማግስቱ ፈተና አለባት። ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" የሚለውን አራት ጊዜ ተለማመድኩት። አንኳኳሁ። አልተሰማም። ደወል ነካሁ። አልተሰማም። በመጨረሻ ደወልኩላቸው፤ ስልኩ ሲበራ አይተውት መሰለኝ ከፈቱ።

"ውይ ልጄ! በደህና ነው? ግባ፣ ግባ!"

"አይ፣ አልገባም ጋሼ። ስለ... ስለ ድምፁ ነበር።"

ፊታቸው በራ። ሪሞቱን እንደያዙ ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

"እናንተ ጋ ይሰማል እንዴ?"

"ይሰማል።"

"ጥርት ብሎ?"

ምን ልበል? ሰው በዕቃው ሲደሰት እውነት መናገር ይከብዳል። "ጥርት ብሎስ አይደለም" አልኩ። "ቤዙ ብቻ ነው የሚደርሰን።"

አዘኑ። ከልባቸው ነው ያዘኑት። "አምስቱ እዚህ ቀርተው ነጥብ አንዷ ብቻ ትውረድላችሁ? አይሆንማ!" አሉና፣ ሪሞቱን ወደ ቡፌው አዙረው አውራ ጣታቸውን ያቺ የተበሳችው ላስቲክ ላይ አሳረፉ። "ቆይ ልጨምርላችሁ።"

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወረድኩ።