ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የሽንት ማምለጥ ሕክምና አለው፤ ጎንደርም ባለሙያ አላት

ጎንደር ከተማ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በገመድ አዝላ ለመነሣት የምትዘጋጅ እናት ጭኖቿን አጣብቃና ትንፋሿን ይዛ ለአፍታ ጸጥ ስትል ማየት ይቻላል። ለተመልካች የሸክሙ ክብደት ብቻ ይመስላል፤ እርሷ ግን ቀና ስትል ሽንት እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀች ሊሆን ይችላል። ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ሽንት የሚያመልጣቸውን እናቶች ቀርቦ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወልጄ ነዋ! የወለደች ሁሉ እንዲሁ ናት።» አነጋገሩ መነሻውን በመጠቆም ረገድ እውነትነት አለው፤ ችግሩን የማይለወጥ ዕጣ አድርጎ ማቅረቡ ግን ብዙ ሴቶችን ከሕክምና አርቋል። ይህ ችግር በአብዛኛው በፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴና ልምምድ በሚሰጥ ሕክምና የሚሻል ነው፤ አገልግሎቱንም ለወላዶች ሁሉ ለማዳረስ ጎንደር ከብዙ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት ብዬ አምናለሁ።

የዳሌ ወለል ጡንቻዎች የሚባሉት ከፊት ከብልት አጥንት አንሥተው ከኋላ እስከ ጅራት አጥንት የተዘረጉ፣ የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከሥር ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች ናቸው። አሠራራቸው የጠፍር አልጋን ይመስላል፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ በላዩ ያለውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሲላላ ግን ሁሉም ወደ ታች ይሰረጉዳል። በምጥ ጊዜ እነዚህ ጡንቻዎች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፤ ምጡ ሲራዘም ጡንቻውም ሆነ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ተደጋጋሚ ወሊድ፣ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀትና ከባድ ሸክም ሲጨመር ጉዳቱ ይበረታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር በዳባት ወረዳ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት፣ የማህፀን መውጣት ከተራዘመ ምጥና በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ከባድ ዕቃ ከመሸከም ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህ ግኝት ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን ከዚሁ ከደጃችን የተገኘ በመሆኑ፣ ጉዳዩ አይመለከተንም የምንልበት ምክንያት የለም።

የችግሩ ክብደት በሰውነት ላይ ብቻ አይደለም። ልብሷ ንጹሕ አይደለም ብላ የምታስብ ክርስቲያን እናት ቅዳሴ ከመቆም ትቀራለች፤ በሰሙነ ሕማማት ሌላው ሲሰግድ እርሷ ተነሥታ በተቀመጠች ቁጥር ስለሚያመልጣት ከግቢው ዳር ትቆማለች። ሙስሊሟ እናት ደግሞ ውዱዋ እየፈረሰባት ለእያንዳንዱ ሶላት እንደገና ለመታጠብ ትገደዳለች፤ ያውም ውኃ በሚያጥርበት ቤት። ለባሏ መናገር ያሳፍራታል፣ ለእናቷ ብትናገር «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ትባላለች። ማህፀኗ መውጣት የጀመረባት ሴት ደግሞ ሁሉንም ነገር በመቀነቷ አጥብቃ አስራ እንጨቷንም ውኃዋንም መሸከሟን ትቀጥላለች። እነዚህን እናቶች የጎዳቸው ሕመሙ ብቻ አይደለም፤ የሚጠይቃቸው ሰው ማጣታቸውም ጭምር ነው።

ፊዚዮቴራፒ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የተሰበረ እግርን፣ የወገብ ሕመምን ወይም ስትሮክ ያገኘውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ የዳሌ ወለል ጡንቻም እንደ ማንኛውም ጡንቻ በልምምድ ይጠነክራል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል ይህንን ልምምድ በሕክምና ጽሑፍ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ጥናቶች የመረመረውና ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ፣ በሳልና በሸክም ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ልምምዱን ከሠሩት 56 በመቶ የሚሆኑት መዳናቸውን ሲናገሩ፣ ካልሠሩት ግን እንዲህ ያሉት 6 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። መርፌም ኪኒንም ሳያስፈልግ ይህን ያህል ውጤት የሚያስገኝ ሕክምና ብዙ አይደለም።

ሆኖም «ጡንቻሽን ጨብጪ» ብሎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም፤ ባለሙያው የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በቃል ብቻ ከተነገራቸው ሴቶች መካከል አንድ አራተኛ የሚሆኑት ልምምዱን የሠሩት ችግሩን ሊያባብስ በሚችል መንገድ ነበር። በብዛት የሚታየው ስሕተት ትንፋሽን ይዞ ወደ ታች ማማጥ ነው፤ ቂጥንና ጭንን ማጥበቅም የተለመደ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ በቅድሚያ የወሊዷን፣ የሥራዋንና የሽንቷን ሁኔታ ትጠይቃለች፤ ፈቃዷን ካገኘች በጓንት መርምራ የትኛው ጡንቻ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ትለያለች፤ ከዚያም ሽንትንና ጋዝን በአንድ ጊዜ ለመያዝ እንደሚደረገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብን፣ ስትስብም በቀስታ መተንፈስን ታስተምራታለች። የተለመደው መጠን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጨበጥ፣ እያንዳንዱን ከ6 እስከ 8 ሰከንድ መያዝና ያንኑ ያህል ማሳረፍ ሲሆን፣ ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወራት ይሠራል። ቡና እየተፈላ ተቀምጣ ብትሠራው ማንም አያውቅባትም። ጀሪካን ለማንሣት ስትዘጋጅም ጡንቻውን አስቀድማ መጨበጥና እየተነፈሰች ማንሣት ትማራለች፤ ሳል ሲመጣባትም እንዲሁ ታደርጋለች። ይህ ትንሽ የሚመስል ብልሃት ልምምዱ ገና ፍሬ ሳያፈራ እንኳ ብዙ ሴቶችን ያሳርፋል።

ለማህፀን መውጣትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ልምምድ የመክበድና ወደ ታች የመውረድ ስሜትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እዚህ ላይ ግን ተስፋ አብዝቶ መናገር ጉዳት አለው። ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ የወጣባትን ሴት ልምምድ ብቻውን አይመልስላትም፤ ማህፀኑን ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ሽንቷ ቀንም ሌሊትም ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት ፊስቱላ (በምጥ ጉዳት በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆንባት ስለሚችል ቀን ሳታሳድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ የአዲስ አበባው የሃምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ከፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በኋላም ሽንታቸው የሚያመልጥ ሴቶች ስላሉ፣ እዚያም የፊዚዮቴራፒ ሥራ ይቀጥላል። ጡንቻቸው ከመላላት ይልቅ ከልክ በላይ በመኮማተሩ በግንኙነት ጊዜ የሚያማቸው ሴቶች ደግሞ መጨበጥን ሳይሆን ማላላትን መማር ይኖርባቸዋል፤ ለእነርሱ የማጠንከር ልምምድ ሕመም ይጨምራል። ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት መቆጣጠር ላቃታቸው ወንዶችም ይኸው ሕክምና ሊጠቅም እንደሚችል በዚሁ አጋጣሚ መናገር ተገቢ ነው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተነሣው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአገራችን የፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትን ቀድሞ የጀመረ ነው። አዋላጆችን፣ ነርሶችንና የማህፀን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚፈለገው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሙያዎች ወላዷን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉበት ሥርዓት ነው።

መጀመር የሚቻለው ከክትባት ቀን ነው። እናት ልጇን ይዛ በ45ኛው ቀን ጤና ጣቢያ ስትመጣ ሕፃኑ ይመዘናል፣ ይከተባል፤ እርሷም ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ትጠየቃለች። በዚያው ላይ «ስታስዪ ሽንት ያመልጥሻል? ወደ ታች የወረደ ነገር ይሰማሻል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ቢጨመሩና መልሱ በካርዷ ላይ ቢጻፍ፣ ዓመታት የሚፈጀው ዝምታ በደቂቃ ሊሰበር ይችላል። ጥያቄው ግን አማቷ ባለችበት ወይም ወረፋ ጠባቂው በሚሰማበት ቦታ ከተጠየቀ መልሱ «ደህና ነኝ» ነው የሚሆነው። መጋረጃ ሳይሆን በር የሚዘጋ ክፍል፣ በተቻለ መጠንም ሴት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ርቀቱም ሊታሰብበት ይገባል። ከጃናሞራ ወይም ከጭልጋ ገጠር የመጣች እናት ለሦስት ወር በየሳምንቱ ጎንደር ትመላለስ ማለት፣ ያውም መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፣ አትታከሚ ማለት ነው። እንዲህ ላለችው እናት የመጀመሪያው ምርመራና ትምህርት በሆስፒታል ተሰጥቶ፣ ክትትሉ በአቅራቢያዋ ጤና ጣቢያ ባለች የሠለጠነች አዋላጅና በስልክ ቢሆን ይበጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ስትዞር ልምምዱ መቀጠሉን ልትጠይቅ ትችላለች። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነች እናት ለእያንዳንዱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ከኪሷ እንዳትከፍል ማድረግ ደግሞ የጤና ቢሮውና የሆስፒታሎቹ የጋራ ውሳኔ ይጠይቃል፤ ውይይቱም ከዚህ በጀት ዓመት ሊያልፍ አይገባውም።