ሁለገቡ ኳርተርባክ ይቆይ፤ የሁለተኛው ወንበር ግን የእሱ አይደለም

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ቡድኖች እስከ 90 የሚደርሰውን የዝግጅት ወቅት ስብስባቸውን ወደ 53 ያወርዳሉ። በዚያ ሰሞን ደጋፊን ከደጋፊ የሚያነታርክ አንድ ዓይነት ተጫዋች አይጠፋም። በመዝገብ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ሰው) ነው፤ ግን ይሮጣል፣ ኳስ ይቀበላል፣ በኪክ ጊዜ ወርዶ ሰው ይጥላል። ግማሹ ደጋፊ «እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ይባረራል?» ይላል። ሌላው «ሁሉን ልያዝ ያለ አንዱንም አይዝም» ብሎ ያጣጥለዋል። ክርክሩ ሁሌም ስለ ልጁ ችሎታ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ የማንን ወንበር ይዞ እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአውሮፓን እግር ኳስ ለሚከታተል አንባቢ ጉዳዩ እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ማንቸስተር ዩናይትድ ቶተንሃምን 4 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ ቫን ደር ሳር አፍንጫው ተጎድቶ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር ተከላካዩ ጆን ኦሺ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ፤ ከሮቢ ኪን ኳስ እስከማዳን ደረሰ። ሆኖም በማግስቱ «ሁለተኛ በረኛ ለምን እንቀልባለን፣ ኦሺ አለን አይደል?» ያለ ሰው አልነበረም። በፉትቦል ግን ይህንኑ የሚሉ ደጋፊዎች ሞልተዋል፤ አልፎ አልፎም አሰልጣኞች።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። 53 ሰው ቢመዘገብም ጨዋታ ቀን የሚሰለፉት 48 ናቸው፤ ለዚያውም ቢያንስ 8ቱ የአጥቂ መስመር ሰዎች ከሆኑ ነው፣ ካልሆኑ 47። ከልምምድ ቡድኑ (ከ53ቱ ውጭ አብረው ከሚለማመዱት) ሁለት ሰው ለዕለቱ ማሳደግ ስለሚፈቀድ በየሳምንቱ ከ5 እስከ 7 ተጫዋች በቱታ ሜዳ ዳር ይቀራል። ከ48ቱ ውስጥ ሁለት ኳርተርባኮች፣ ኪከሩ፣ ፓንተሩ (ሙከራ ሊያልቅ ሲል ኳሱን በእግሩ አርቆ ለተጋጣሚ የሚመታው) እና በምት ጊዜ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ሌላ ሥራ አይሰጣቸውም። ትግሉ ያለው ታች ነው፤ አራተኛው ሯጭ፣ ሦስተኛው ታይት ኤንድ (አጋጅም ተቀባይም የሆነው)፣ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ተቀባይ ጋ። እነዚህ ሰዎች በማጥቃት ላይ የሚገቡት ጥቂት ጊዜ ነው፤ እንጀራቸው ስፔሻል ቲም፣ ማለትም ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባው ስብስብ ነው። ኪክ ሲመታና ሲመለስ፣ ፓንት ሲመታና ሲመለስ ከአራቱ ቢያንስ በሦስቱ የማያገለግል ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይቆይም። ሁለገቡ ኳርተርባክ መመዘን ያለበት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ነው።

የዚህ ዓይነት ተጫዋች ዋናው ምሳሌ በኒው ኦርሊንስ ሴንትስ የተጫወተው ቴይሰም ሂል ነው። በ2017 ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) ማንም አልመረጠውም። ግሪን ቤይ ፓከርስ አስፈርሞት በሴፕቴምበር 2 አሰናበተው፤ በማግስቱ ሴንትስ ወሰደው። «አሰናብተን ወደ ልምምድ ቡድን እንመልሰዋለን» የሚል ደጋፊ ይህችን ቀን ልብ ይበላት። በሊጉ አራት ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ሲሰናበት የተቀሩት 31 ቡድኖች 24 ሰዓት አላቸው፤ የፈለገው ይወስደዋል። ያ አልፎ ልምምድ ቡድን ቢገባ እንኳ ዋና ዝርዝሬ ውስጥ አስገባዋለሁ የሚል ቡድን በማንኛውም ሳምንት ሊነጥቀው ይችላል። ፓትሪየትስ ኳርተርባክም ተቀባይም አድርጎ ሲሞክረው የነበረውን ማሊክ ከኒንግሃምን በ2023 መጨረሻ በሬቨንስ የተነጠቀው በዚሁ በር ነው።

የያኔው የሴንትስ አሰልጣኝ ሾን ፔይተን ሂልን ከቋሚው ኳርተርባክ ከድሩ ብሪስ ጀርባ አስቀምጦ ክሊፕቦርድ አላስያዘውም፤ ስፔሻል ቲም ውስጥ ከተተው። ደጋፊው ብዙም የማያየው ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ፓንት ሲመታ ፓንተሩ ከመስመሩ ወደ 15 ያርድ ገደማ ወደኋላ ይቆማል። በመሀል፣ ከመስመሩ ጥቂት ያርዶች ጀርባ፣ ፐርሰናል ፕሮቴክተር የሚባል አንድ ሰው አለ። የሚመጡበትን ይቆጥራል፣ ማን ማንን እንደሚያግድ ይጮኻል፣ ሁሉም ሲዘጋጅ ኳሱ እንዲለቀቅ ምልክት ይሰጣል። አብዛኛው ቡድን ለዚህ ሥራ ከኋላ መስመር ተከላካይ ያቆማል። ኳስ መወርወርም መሮጥም የሚችል ሰው ሲቆምበት ግን ተጋጣሚው ይቸገራል፤ ፓንቱ የውሸት ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ የመመለሻ ቡድኑን አስወጥቶ መደበኛ ተከላካዮቹን ሜዳ ላይ ያቆያል። ያኔ ኳሱን የሚመልሰው ሰው የሚያግድለት አጥቶ ብቻውን ይቀራል። ይህ ጥቅም በማንም የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ላይ አይወጣም።

ጃንዋሪ 13፣ 2019 በጥሎ ማለፉ ኢግልስ ሴንትስን 14 ለ 0 እየመራ ነበር። አራተኛ ሙከራ (በአራት ሙከራ 10 ያርድ ያልሄደ ቡድን ኳሱን ያጣል)፣ 1 ያርድ ይቀራል፣ ኳሱ በሴንትስ በኩል 30ኛው ያርድ ላይ ነው። ፓንት ለመምታት ተሰለፉ፤ ኳሱ ለፓንተሩ ሳይሆን በቀጥታ ለሂል ተለቀቀ፤ መሀሉን ሰንጥቆ የሚፈለገውን አገኘ። ያ ጉዞ በተችዳውን (ኳሱን ጎል መስመር በማሻገር) አለቀ፤ ሴንትስ 20 ለ 14 አሸንፎ ወጣ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ታምፓ ቤይ ሴንትስን 14 ለ 3 እየመራ ሳለ ፓንት ያገደውና ጨዋታውን የገለበጠውም እሱ ነው፤ ሴንትስ 28 ለ 14 አሸነፈ። ሁለቱም ጊዜ ኳርተርባክነቱ በወረቀት ላይ ነበር፤ ያሸነፈው ግን ሦስተኛው ታይት ኤንድ ወይም አራተኛው ሯጭ በሚሠራው ሥራ ነው።

በማጥቃት በኩል ያለው ጥቅም ደግሞ የቁጥር ብልጫ ነው። መደበኛው ኳርተርባክ ኳሱን ለሯጩ ሰጥቶ ሲቆም ማጥቃቱ በ10 ሰው ነው የሚጫወተው፤ የሚከላከሉት 11 ናቸው። ኳርተርባኩ ራሱ ሲሮጥ ሯጭ የነበረው ሰው አጋጅ ይሆናል፣ ሒሳቡም ይስተካከላል። 1 ወይም 2 ያርድ በሚፈለግበትና ጎል መስመር ሥር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኦክቶበር 2022 ሂል በሲያትል ላይ 9 ጊዜ ሮጦ 112 ያርድና 3 ተችዳውን አገኘ፤ በዚያ ላይ አንድ ተችዳውን ወረወረ፤ ሴንትስ 39 ለ 32 አሸነፈ። በኖቬምበር 2024 ክሊቭላንድ ላይ 7 ሩጫ፣ 138 ያርድ፣ ሌላ 3 ተችዳውን። ደጋፊ እነዚህን ቀኖች በቃሉ ይዟል፤ ፋንታሲ (በእውነተኛ ተጫዋቾች ነጥብ መወዳደሪያ) የሚጫወተውማ ሂል ታይት ኤንድ ተብሎ ሲመዘገብለት ሲሳይ ነበር።

በቃል የማይያዘው ሌላው ቀን ነው። ሁለተኛ ሙከራ ላይ ቋሚው ኳርተርባክ ወጥቶ ወይም ጥግ ተልኮ ሁለገቡ ይገባል፤ ስታዲየሙ ሁሉ ሩጫ እንደሆነ ያውቃል፤ 1 ያርድ። ቋሚው ተመልሶ ሦስተኛ ሙከራ ላይ 8 ያርድ ይጠበቅበታል። የመስመሩ ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ የለመዱት የቋሚውን ድምፅ ነው፤ አጠራሩ ሲለወጥ አንዱ ቀድሞ ይንቀሳቀስና 5 ያርድ ቅጣት ይመጣል። የአሰልጣኙን ትእዛዝ የሚሰማ ሬዲዮ ያለው የራስ ቁርም በማጥቃቱ በኩል ሜዳ ላይ ከአንድ በላይ አይፈቀድም፤ ሁለቱ አብረው ሲገቡ ማን እንደሚሰማ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

እነዚህን መቻል ይቻላል። የማይቻለው በ2021 የታየው ነው። ብሪስ ጡረታ ወጥቶ ጃሜስ ዊንስተን ቋሚ ሆነ፤ ሂል ሁለተኛ ኳርተርባክ እየተባለ የድሮ ሥራውንም ቀጠለ። ኦክቶበር 10 ዋሽንግተን ላይ መሀል ሜዳ የተወረወረለትን ረጅም ኳስ ሊቀበል ሲል ክፉኛ ተመታና የጭንቅላት ጉዳት ደረሰበት። ኦክቶበር 31 ዊንስተን ከታምፓ ቤይ ጋር ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። ሁለተኛው ኳርተርባክ የት ነበር? ኳስ ሲቀበል በደረሰበት ጉዳት ገና ከሜዳ ውጭ። ትሬቨር ሲሚያን ገብቶ ያን ቀን አሸነፉ፤ ከዚያ እሱ የጀመራቸውን 4 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፉ። ሂል ተመልሶ በዳላስ ላይ ሲጀምር 101 ያርድ ሮጠ፤ 4 ኢንተርሴፕሽንም (በተጋጣሚ የተያዘ ውርወራ) ወረወረ፤ አምስተኛ ሽንፈት። ከዚያ በኋላ የጀመራቸውን 4 ጨዋታዎች አሸንፏል። ቡድኑ ግን 9 ለ 8 ጨርሶ ጥሎ ማለፉ አመለጠው።

ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተቀባይ ሆኖ የሚሮጥ፣ በኪክ የሚላተም ሰው በጨዋታ የሚደርስበት ምት ከጎን ቆሞ ከሚጠብቅ ሰው ጋር አይወዳደርም፤ ወርዋሪን የሚጠብቀው ሕግም አይሸፍነውም። ሁለተኛ ኳርተርባክ ማለት ቋሚው በወደቀባት ደቂቃ በጤና የሚገኝ ሰው ነው። በጣም የሚላተመውን ሰው መርጦ ያን ኃላፊነት መስጠት የእሳት አደጋ መኪናን ለታክሲ አገልግሎት እንደ ማሰማራት ነው።

ልምምዱም አለ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ የመጀመሪያው ቡድን ሙከራዎች ከሞላ ጎደል የቋሚው ናቸው። ሁለተኛው የሚመጣውን ተጋጣሚ ኳርተርባክ እየመሰለ በራሱ ቡድን ተከላካዮች ላይ ይወረውራል፤ ከቋሚው ጋር ፊልም ያያል። ሁለገቡ በዚያው ሰዓት የታይት ኤንዶች ወይም የስፔሻል ቲም ስብሰባ ላይ ነው። ሴንትስ ይህን ከ2021 በፊት በደንብ ያውቅ ነበር። በ2019 ብሪስ አውራ ጣቱን ሲጎዳ የገባው ቴዲ ብሪጅዎተር ነው፤ 5 ጀምሮ 5 አሸነፈ፤ ሂልም ሥራውን አልለቀቀም። ተቃራኒው ወገን 2020ን ይጠቅሳል፤ ሂል ብሪስን ተክቶ 4 ጀምሮ 3 አሸንፏል። እውነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ግን ዴንቨር ብሮንኮስ በኮቪድ ሕግ ኳርተርባኮቹን በሙሉ አጥቶ ኬንዳል ሂንተን የሚባል፣ በዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ የነበረ ተቀባይ ያሰለፈበት ቀን ነው፤ ሂንተን ከ9 ውርወራ 1 አሳካ፣ 2 ኢንተርሴፕሽን ሰጠ፤ ሴንትስ 31 ለ 3 አሸነፈ። የዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክነት ብቻውን ለአንድ እሁድ እንኳ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየሁም።

ሴንትስ ራሱ ሰውየውን እንዴት እንደመዘነው ውሉ ይናገራል። በኖቬምበር 2021 የፈረመው የ4 ዓመት ውል 40 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ቋሚ ኳርተርባክ ከሆነ እስከ 95 ሚሊዮን የሚያድግ ነበር። ሁለት ዋጋ ለሁለት ሥራ። በ2022 ታይት ኤንድ ተብሎ ተመዘገበ።

«ሦስተኛ ኳርተርባክ ከማስቀመጥ ያድነናል» የሚለው ክርክርስ? በከፊል ልክ ነው፤ ሕጉን ማንበብ ግን ይጠይቃል። ጃንዋሪ 29፣ 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ከኢግልስ ጋር ሲጫወት ብሮክ ፐርዲ ክርኑን፣ ተተኪው ጆሽ ጆንሰን ጭንቅላቱን ተጎዱ። ፐርዲ መወርወር በማይችል እጅ ተመለሰ፤ ኢግልስ 31 ለ 7 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሊጉ የአደጋ ጊዜ ሦስተኛ ኳርተርባክን ፈቀደ፤ ይህ ሰው ከ48ቱ አይቆጠርም፤ የሚገባውም ሁለቱ በጉዳት ወይም በቅጣት ሲወጡ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ይህን ወንበር የያዘ ሰው ለዕለቱ ያልተሰለፈ መሆን አለበት። ስለዚህ ሁለገቡን እዚያ ካስቀመጥከው ፓንት ላይም ጎል መስመር ላይም አታገኘውም። ካሰለፍከው ደግሞ ያለ ልዩ ሕግ ሦስተኛህ ይሆናል፤ ከ53ቱም አንድ ቦታ ይተርፍሃል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ከፊቱ ሁለት እውነተኛ ኳርተርባኮች ካሉ ነው። አንድ ቋሚና አንድ ሁለገብ ብቻ ይዞ ወደ ውድድር የሚገባ ቡድን ትርፍ አላገኘም፤ ተበድሯል።

ስለዚህ በነሐሴ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። በዝግጅት ጨዋታ አራተኛ ሩብ ላይ ማክሰኞ የሚሰናበቱ ልጆችን ጥሶ የሮጠው 40 ያርድ ቪዲዮው ቢያምርም ብዙ አይነግርም። የመጀመሪያው ሩብ የመጀመሪያው ፓንት ሲመጣ ማን እንደቆመ እዩ። ሁለገቡ ከፓንተሩ ፊት ቆሞ እጁን እያወናጨፈ አጋጆቹን የሚያሰልፍ ከሆነ ቦታውን አግኝቷል። ከአሰልጣኞቹ ጎን ኮፍያ አድርጎ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ከሆነ የሚወዳደረው ከሁለተኛው ኳርተርባክ ጋር ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚታየው ሦስተኛ ሙከራ ላይ 7 ያርድ ሲቀር ኳሱን የት እንደሚወረውር ነው።