ሃና፣ ዱል፣ ሴት

እናቴ አንድ ሰሞን ሃና የምትባል ልጅ ስታፈላልግ ነበር።

ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ። ማታ ማታ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ግቢያችን ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ቆሜ አየሩን እየመታሁ እጮሃለሁ። «ሃና! ዱል! ሴት!» እናቴ በመስኮት የምትሰማው ግን ሌላ ነው። ሃና፣ ዱላ፣ ሴት። ልጄ በሴት ተጣልቷል፣ ነገሩ ዱላም አለበት ብላ ጎረቤት አማከረች። ጎረቤት ደግሞ የሰፈሩን ሃናዎች ቆጠረች። ሦስት ተገኙ። አንደኛዋ እንጀራ የምትሸጠው አሮጊት ነበረች።

የቴኳንዶ ቆጠራ ነው፣ በኮሪያ ቋንቋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው ብዬ ባስረዳት ባሰባት። «አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ አደርኛው ሞልቶልህ፣ ለመማታት ኮሪያ ድረስ ምን አስኬደህ?»

ኮሪያ ግን ለድሬ ያን ያህል ባዳ አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ጦርነት ሲዘምት ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስቶ፣ በከተማችን አልፎ፣ መርከብ የተሳፈረው ጅቡቲ ላይ ነው። ያኔ ቴኳንዶ ስሙ እንኳ አልወጣለትም። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ስሙን ያወጡለት ከ4 ዓመት በኋላ ነው። የእኛ ሰዎች በባቡር ሄዱ። ቴኳንዶ ደግሞ እኛ ሰፈር በቪዲዮ ቤት በኩል መጣ።

ስንጀምር ወደ 60 ነበርን። ሜዳችን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ድርሽ አንልም፤ የ1998ን የሐምሌ ጎርፍ ያየ ሰው በደቻቱ አይቀልድም። በበጋ ግን ሌሊት 11 ሰዓት ወርደን፣ ፀሐይዋ ጥርስ ሳታወጣ እንበተናለን። አሸዋ ላይ መራገጥ የሞከረ ያውቀዋል። አንዱን እግር ስታነሳ ሌላው ይሰምጣል።

አንዴ የአዲስ አበባው የአጎቴ ልጅ መጣ። 2,300 ሜትር ላይ የሚሮጥ ሰው 1,200 ሜትር ላይ ይበራል ብሎ አስቧል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ሙቀቱን ረሳው እንጂ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። እሱ የመጣው ለሦስት ቀን ነው። ሰላሳኛው እርግጫ ላይ አሸዋው ላይ በጀርባው ተዘረረና፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ «ሰው ግን እዚህ ለምን ሰፈረ?» አለ።

ከ60ዎቹ በእርግጫ የወጣ የለም። ጅቡቲ የሄደ አለ፣ ያገባ አለ። አብዛኛውን የወሰደው ግን የጫት በርጫ ነው። ከምሳ በኋላ ይቀመጣል፣ አስር ሰዓት ላይ ምርቃናው ይመጣል። ምርቃና ላይ ጥቁር ቀበቶ ያልሆነ ሰው አይቼ አላውቅም። «አቦ ነገ ጀምሬያለሁ! 11 ሰዓት ደቻቱ! ወላሂ!» ፕሮግራም ያወጣል። የምግብ ዝርዝር ይጽፋል። ማኅበር አቋቁሞ ሊቀመንበር ይመርጣል፤ ራሱን ማለቴ ነው። እኛ 11 ሰዓት ስንወርድ እሱን ገና እንቅልፍ ሊወስደው ነው። ካቆመ 15 ዓመት የሆነው አንዱ፣ ለቅሶ ቤት ባገኘኝ ቁጥር «ሰሞኑን ትንሽ ጠፋሁ አይደል?» ይለኛል።

ይኸው 32 ዓመት ሆነን። የቀረነው አራት ነን። ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ የባዮሎጂ መምህርና እኔ። ቀስቃሹ ዳቦ ጋጋሪው ነው። ሥራ ላይ ያደረ ሰው ስለሆነ ለተኛ አያዝንም። አሞኛል ካልከው ትኩስ ዳቦ በመስኮት ያቀብልሃል። ከመስኮቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

መምህሩ እያሟሟቅን ያስተምረናል። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል አለን አንድ ቀን። ልብስ ሰፊው ሆዴን አየት አደረገና «አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው» አለ። እሱ መናገር ይችላል፤ የዶቦኬን፣ የቴኳንዶ ልብሴን፣ ወገብ ሦስት ጊዜ ያሰፋው እሱ ነው። ጥቁር ቀበቶዬ ድሮ ሳስረው ጫፉ ጉልበቴ ጋ ይደርስ ነበር። አሁን ቋጠሮው ከተገኘ ተመስገን ነው። በላብ አጥሯል ብዬ ላሳየው ወሰድኩለት። በሜትሩ ለካው። ቀጥሎ እኔን ለካኝ። ምንም ሳይናገር ሜትሩን ጠቀለለ።

ግጥሚያዬ ከመምህሩ ጋር ነው። ግራ ጉልበቱ እንደሚያመው አውቃለሁ፣ አልነካውም። ቀኝ ትከሻዬ እንደማይነሳ ያውቃል፣ በዚያ በኩል አይመጣም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከሩቅ ለሚያይ ግን ልንጋደል ነው የሚመስለው፤ በተለይ ጩኸታችን። አባቴ ሲሞትም ድንኳኑን የተከሉት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። መምህሩ ያን ቀን በዚያው ጉልበቱ ነው የወጣው የወረደው።

ልጄ «ግን አባዬ፣ ሰው መትተህ ታውቃለህ?» ትለኛለች። አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ ለጥቂት ተርፏል።

ከቀፊራ ወደ ሳቢያን በኮንትራት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ዋጋ ተስማምተናል። ደጃፌ ስንደርስ ልጁ ጨምር አለ። ድሬ ላይ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም አንተ ነው፤ እሱም መንገዱን ሙሉ አንተ ሲለኝ ነው የመጣው። «አቦ አንተ ሰውዬ፣ ሙቀቱን አታይም? ጨምር!» ደሜ ፈላ። ወረድኩ። እግሬን ከፈትኩ፣ ጉልበቴን ሰበር አደረግኩ፣ ክብደቴን ወደ ኋላ ጣልኩ። ትንፋሼን በአፍንጫዬ ስቤ ያዝኩ። የ32 ዓመት አቋቋም ነው።

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። በቃ፣ ፈራ አልኩ።

«ውይ! አባባ፣ ወገብዎን ነው?»

አንቱ አለኝ። ድሬ ላይ! ዘሎ ወርዶ ክንዴን ያዘ። ጭማሪው ቀርቶ ዋናውንም አልቀበልም ብሎ፣ ደግፎኝ እስከ ግቢው በር አደረሰኝ።

እኔም ትንሽ አነከስኩለት።