ቤዙን ተዉት፣ ጎማውን ለኩ

ኤርፎን ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ኤርፎኑን ይሰካል፣ ደረት የሚመታ ዘፈን ይከፍታል። «ቤዙን ስማው!» ይላል። እውነትም ይመታል። እኔም እንደዚያ ተመትቼ ገዛሁ።

ጉዱ የወጣው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። በጾም ዘፈን ስለማልሰማ በገና ከፈትኩ። በገናው የለም! ድም ድም የሚል ነገር አለ፤ የደርዳሪው ድምፅ ከሥሩ ታፍኖ ይመጣል። ግራ ሲገባኝ የድሮውን ኤርፎን ከመሳቢያ ፈልጌ ሰካሁ። ያንን ጆሮ ውስጥ የማይገባ፣ ደጃፉ ላይ የሚንጠለጠል ፕላስቲክ። ስልኩ ያው፣ ቅጂው ያው። አሁን ደግሞ ጥዝዝታው ብቻ ቀረ። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ በሉት።

በገና 10 አውታር አለው። አውታሮቹ ከሚያርፉበት እንጨት ላይ በየአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ጥዝዝታ የእሷ ሥራ ነው። ስለዚህ አንዱ አውታር ሲነካ ከታች ወፍራም ድምፅ፣ ከላይ ጥዝዝታ አብረው ይወጣሉ። ሁለቱ ካልተገናኙ በገና አይባልም። አዲሱ ኤርፎኔ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ስለተጫነበት የላይኛውን ዋጠው። አሮጌው ጆሮ ስለማይዘጋ የታችኛውን አፈሰሰው። ወፍራም ድምፅ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይሄዳል።

ለዚህ ነው ኤርፎን ሁለተኛ አቀናባሪ ነው የምለው፤ ያውም ማንም ያልቀጠረው። አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር «ሚክሱ አይረባም» የሚል አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ግን ወንድሜ፣ በምን ሰማኸው?

ውድ ግዙ እያልኩ አይደለም። ኦርጅናል ነው ኮፒ ነው ከሚለው ክርክር በፊት ካርቶኑን ፈትሹ። ጆሮ ውስጥ ከሚገቡት ጋር ብዙ ጊዜ ጫፋቸው ላይ የሚገጠም ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይመጣል። አብዛኛው ሰው የተገጠመውን እንዳለ ይጠቀማል፤ የቀሩት ከካርቶኑ ጋር ይጣላሉ። ጎማው ጆሮውን በደንብ ካልዘጋ ቤዙ ይፈሳል፣ የታክሲው ሞተርና የረዳቱ ጥሪ ይገባል። ያኔ እጃችን ወደ ድምፅ መጨመሪያው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። 90 ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ነው። አራት ሰዓት እኮ የሁለት ቀን የታክሲ መንገድ ነው!

ብሉቱዙም የራሱ አመል አለው። ስልክ ሲደወል ማይኩ ይከፈትና ድምፁ በአንዴ የድሮ ቤት ስልክ ይሆናል። ስታወሩ ምንም አይደል። ሙዚቃ እየሰማችሁ እንደዚያ ከሆነባችሁ ግን ማይኩን የያዘ አፕ ካለ ፈልጋችሁ ዝጉ።

እኔ ቤዙን ከስልኩ ማስተካከያ ላይ ቀነስኩ። ጎማ ስቀያይር ደግሞ ጆሮዎቼ እኩል እንዳልሆኑ ደረስኩበት። ግራው መካከለኛውን ይፈልጋል፣ ቀኙ ትንሹን። ይህን ያወቅሁት ካርቶኑን ከቆሻሻ ውስጥ መልሼ ካወጣሁ በኋላ ነው።